«ለእርሷ የሚገባ አይደለም»፦ ስለ ውድ ቦርሳዎችና ለሰው ፊት ስለ ማድላት

ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ወደ አንድ ጉባኤ ስለ ገቡ ሁለት ሰዎች ይነግረናል። አንደኛው በጣቱ የወርቅ ቀለበት ያጠለቀ፣ ልብሱም ያማረ ነው፤ ሁለተኛው ያደፈ ልብስ የለበሰ ድሃ ነው። አስተናጋጆቹ ለፊተኛው መልካሙን ስፍራ ሲያሳዩ ኋለኛውን ከዳር ያቆሙታል (ያዕ 2፥1-4)። ይህን ክፍል ስናነብ ብዙ ጊዜ አሳባችን ወደ ባለ ቀለበቱ ይሄዳል። ሐዋርያው ግን በዚህ ቦታ ስለ ባለ ቀለበቱ የተናገረው ክፉ ነገር የለም፤ ተግሣጹ የወረደው ቀለበቱን አይተው ወንበር በመረጡት ላይ ነው።

በዘመናችን ያ ቀለበት በብዙ ስፍራ ቦርሳ ሆኗል። ስለ ቅንጦት በየዐውደ ምሕረቱ ብዙ ተሰብኳል፤ መሰበኩም ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ብዙም ያልተነገረለትን ሌላውን ወገን ነው፤ ይኸውም ቦርሳውን በያዘችው ሴት ላይ የሚያርፈው ዓይን ነው። «ይህች ብትይዘው ያምርባታል፣ ያቺ ግን ከየት አመጣችው?» የሚለው ፍርድ ከየት መጣ? ወደ እኛስ እንዴት ገባ?

በዙሪክ የሆነው

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ሰው ኦፕራ ዊንፍሬ ለድምፃዊቷ ቲና ተርነር ሠርግ ወደ ስዊዘርላንድ በሄደችበት ጊዜ በዙሪክ ከተማ ወደ አንድ የቦርሳ መደብር ትገባለች። ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ቶም ፎርድ የተባለው ቤት የሠራው የአዞ ቆዳ ቦርሳ እንዲያሳዩአት ትጠይቃለች። ዋጋው 35,000 የስዊዝ ፍራንክ ነበር። ሻጯ «እርሱ በጣም ውድ ነው» ብላ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡትን ልታሳያት እንደ ሞከረች ኦፕራ በኋላ በቴሌቪዥን ተናገረች። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ የስዊዘርላንድ የቱሪዝም መሥሪያ ቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ሻጯ በበኩሏ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገርሁም ስትል ለአገሯ ጋዜጣ አስተባበለች። ኦፕራም ነገሩ እንደዚያ በመጋነኑ ማዘኗን ገለጸች።

በሁለቱ መካከል ዳኞች ሆነን አንቆምም። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ወሬውን የሰማው ሕዝብ የተናደደበት ምክንያት ነው። «ማን እንደ ሆነች እንኳ አላወቀችም!» የሚለው በየአገሩ አፍ ሁሉ ተደጋገመ። እንግዲህ የሻጯ ጥፋት ተብሎ የተቆጠረው ባለጠጋን እንደ ድሃ መቍጠሯ ነበር ማለት ነው። ያቺ እንግዳ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ብትሆንና በቦርሳዋ ውስጥ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ብቻ ቢኖራት ኖሮ ያው ቃል ጥፋት አይሆንም ነበርን? ማንም አይጽፈውም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅበትም ነበር። ቁጣው ራሱ የሚቃወመውን ሚዛን ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ ሚዛኑን አልሰበረውም፣ ሰውየዋን በተሳሳተ ሰሐን ላይ አስቀመጣችኋት አለ እንጂ።

ቦርሳ እንዴት ማዕረግ ሆነ?

ኤርሜስ የተባለው የፓሪስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1837 ሲቋቋም ሥራው የፈረስ ዕቃ መስፋት ነበር። የዛሬዎቹ ውድ ቦርሳዎቹ ስፌት የኮርቻ ሰፊ ስፌት የሆነውም ስለዚህ ነው። በ1950ዎቹ የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ኬሊ ከቤቱ ቦርሳዎች አንዱን ይዛ በጋዜጣ ላይ ታየች፤ ቦርሳውም በስሟ ተጠራ። በ1984 ደግሞ የቤቱ ኃላፊ ዣን ሉዊ ዱማ ለተዋናይቷ ለጄን በርኪን ሌላ ቦርሳ አሠራላት። ምክንያቱ የሚያስደንቅ ነው። በርኪን ወደየትም ስትሄድ የምትይዘው ከጭራሮ የተሠራ ቅርጫት ነበር፤ በአውሮፕላን ውስጥ ከዱማ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ዕቃዋ ተበተነባትና ለእናት የሚበቃ ሰፊ ቦርሳ እንደሌለ ነገረችው። የዓለም ባለጠጎች ዛሬ የሚሽቀዳደሙበት ቦርሳ የተወለደው ከገበያ ቅርጫት ነው። ለእርሷ የተሠራው የመጀመሪያው ቦርሳ፣ ተፋፍቆና ተጎሳቁሎ፣ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ።

ይህን ዋጋ ቆዳው አያመጣውም፤ የእጅ ሥራውም ምንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን አያመጣውም። ዋጋውን የሚያመጣው ሌላው ሰው ሊያገኘው አለመቻሉ ነው። የዚህ ዓይነቱን ቦርሳ ገንዘብ ይዞ ወደ መደብሩ የገባ ሁሉ በዕለቱ ገዝቶት አይወጣም። ቶርስቴይን ቬብለን የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስቀድሞ አስረድቶ ነበር፤ ሰዎች ውድ ነገርን የሚይዙት ለጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ሌሎች እንዲያዩላቸው ነው።

በጥንት ዘመን ይህ በሕግ የተጻፈ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1574 ሐር፣ ከፋይና የከበረ ጠጕር ማን ሊለብስ እንደሚገባው በየማዕረጉ ደንግጋ ነበር፤ እንደዚያ ያለው ሕግ በአገሪቱ የተሻረው በ1604 ነው። በእኛም አገር ካባና ለምድ ከንጉሥ እጅ የሚሰጥ የማዕረግ ልብስ እንጂ ማንም ከገበያ ገዝቶ የሚደርበው አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕግ በየትም የለም ማለት ይቻላል። ሕጉ የሠራውን ሥራ ግን ዓይን ተረክቦታል፤ ከእግር እስከ ራስ ያያል፣ ቦርሳው ላይ ቆም ይላል፣ ይፈርዳል።

የሸሹት

ታች ያለው ሰው ምልክቱን ሲደርስበት ላይ ያለው ምልክቱን ይለውጣል። በብሪታንያ በርበሪ የተባለው ቤት ዳማ ጥለት ለብዙ ዘመን የጨዋ ቤተ ሰብ ምልክት ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኛ ቤተ ሰብ ወጣቶችና የእግር ኳስ ደጋፊዎች ያንኑ ጥለት በባርኔጣና በቦርሳ ሲያዘወትሩት በጋዜጦች መሳለቂያ ሆኑ፤ አንዳንድ መጠጥ ቤቶችም በርበሪ የለበሰ አናስገባም እስከ ማለት ደረሱ። ቤቱ በ2004 ዳማውን ባርኔጣ መሥራት አቆመ፣ ጥለቱንም ከብዙ ዕቃዎቹ ላይ ቀነሰ። ጨርቁ አልተለወጠም፤ የለበሰው ሰው እንጂ። ይኸው ቤት በ2018 ባወጣው የዓመት ሒሳብ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ ማስወገዱ ታወቀና ትልቅ ነቀፋ ደረሰበት፤ በዚያው ዓመትም ልማዱን ማቆሙን አስታወቀ። ዕቃው በርካሽ ወጥቶ «በማይገባቸው» እጅ ከሚታይ ቢቃጠል ይሻላል የሚለው አሳብ የብዙ ቤቶች ምስጢር ነበር። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ዘንድ የተማረ ሰው (ሉቃ 3፥11) ይህን ሲሰማ ምን ይላል?

ሌላም የረቀቀ መሸሻ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ በተባለ የጥናት መጽሔት የወጣ ጥናት የሉዊ ቪቶንንና የጉቺን ቦርሳዎች መርምሮ ዋጋቸው ከፍ ባለ ቍጥር የንግድ ምልክታቸው እያነሰና እየተሰወረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ለአዲስ ገዢ ነው። ጥንታዊው ባለጠጋ የሚይዘው ቦርሳ ስም የለውም፣ መሰሎቹ ብቻ ያውቁታል፤ ትልቅ ምልክት የያዘችውን ሴት አይቶም በልቡ ፈገግ ይላል። እኛም ዘንድ «እኔ እንደዚህ ያለ ነገር መያዝ አልወድም» የሚለው አነጋገር አንዳንድ ጊዜ ከትሕትና አይወለድም። በነጠላ ተሸፍኖ የሚገባ ትዕቢትም አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያስፈራል፣ ራሱን ጾመኛ አድርጎ ስለሚቈጥር።

ከዓረብ አገር የተመለሰችው እኅት

ነገሩን ወደ ራሳችን እናቅርበው። ከቤሩት፣ ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች እኅት በትከሻዋ ስም ያለው ቦርሳ አንጠልጥላ በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከኋላዋ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። «እመቤቷ የጣለችላት ይሆናል» ይላል አንዱ። «ፌክ ነው፣ ስፌቱን አታይም?» ይላል ሌላው። ሦስተኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «እስኪ እንዴት እንዳገኘችው እግዚአብሔር ይወቅ» ትላለች፤ ይህ ቃል ስመ እግዚአብሔርን ጠርቶ ስም የሚያጠፋ ስለ ሆነ ከሁሉም ይከፋል። ያንኑ ቦርሳ የታወቁ ነጋዴ ባለቤት እትዬ እገሊት ቢይዙት «ምርጫቸው ሁልጊዜ ያምራል» ይባላል። ቆዳው አንድ ነው፣ ቍልፉ አንድ ነው።

ያቺ እኅት በሄደችበት አገር ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር ሳትችል ዓመታት ያሳለፈች ልትሆን ትችላለች። ከደመወዟ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ፣ ለወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለዘመድ ልቅሶ ልካለች። ለራሷ የቀረው ያ ቦርሳ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ለምን በልብስ፣ ለምን በሌላ ነገር አላዋለችውም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በፌስታል ዕቃዋን ቋጥራ ብትመለስ «ይህን ያህል ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» የሚላት ያው ሰው ነው። በቦርሳ ስትመጣ «ከየት አመጣችው?» ይላታል። ከሁለቱ በየትኛውም አትድንም። እንግዲህ ቦርሳው ለእርሷ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ዓመታቱ በከንቱ እንዳላለፉ ለጎረቤት የምታቀርበው ምስክር ነው። ምስክር እንድታቀርብ ያስገደዳት ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ወደ እኛ ይመለሳል።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአውሮፓ ከተሞችም ያሉ ምእመናን ይህን ያውቁታል። በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ በማለዳ ለቅዳሴ የምትደርስ እናት በእጇ ውድ ቦርሳ ቢታይ «አቅሟን አታውቅም» ትባላለች። አቅምን ማወቅ መልካም ምክር ነው፤ ዕቁቧንና የልጇን ወጪ በቦርሳ የምትጨርስ እኅት ካለች የንስሐ አባቷ በግል ሊመክሯት ይገባል። ምክር ግን በፊቷ፣ በፍቅርና በዝግታ ይሰጣል። ከጀርባዋ የሚሰጠው የመዓርግ ድልድል ነው።

«ፌክ» ስለሚባለውም አንድ ነገር እንበል። የሌላውን የንግድ ምልክት አስመስሎ መሥራትና መሸጥ የሰውን ድካም መውሰድ ነው፤ ሉዊ ቪቶን ዛሬ የታወቀበትን የፊደልና የአበባ ጥለት በ1896 ያወጣውም አስመሳዮችን ለመከላከል ነበር። ስለዚህ ትክክል ነው አንልም። ይሁን እንጂ አስመስሎ በተሠራ ቦርሳ የምንስቀው የፓሪሱ ነጋዴ መብት አሳዝኖን ነውን? የሚያስቀን ድሃዋ ከእኛ ጋር ልትቆም መሞከሯ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከሰልባጅ ተራ ጥቂት ብር ከፍላ ያወጣችው ዕቃ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ አይታመንላትም። ቦርሳው ሳይሆን እርሷ ናት «ኦርጅናል» ያልሆነችው።

በቤተ ክርስቲያናችን ከዚህ ሁሉ በፊት የኖረ አንድ ሌላ መያዣ ነበር፤ አኮፋዳ። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ የሚለቅበትም፣ ቁራሽ የሚሰጠውም ነበረ። ዛሬ በመንበር ተቀምጠው የምንሰማቸው ሊቃውንት ብዙዎቹ ያንን አኮፋዳ የተሸከሙ ናቸው። በዚያን ጊዜ በያዘው ነገር ብቻ ለክቶ በሩን የዘጋ ሰው በማን ላይ እንደ ዘጋ አያውቅም ነበር። ሆኖም በዙሪክ ላይ የተናገርነውን እዚህም አንርሳ፤ ያ ልጅ ሊቅ ሳይሆን ቢቀርም ቁራሹ ይገባው ነበር።

ቆዳውን ያለፋው ማን ነው?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ወንጌለ ማቴዎስን ሲተረጕም በ49ኛው ድርሳኑ ጫማቸውን በሐር ክር የሚያስጌጡ ጐልማሶችን ገሥጿቸዋል። ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው በገበያ መካከል ተሸማቀው ሲሄዱ አይቶ፣ ይህን ያህል የምትሳሱለት ከሆነ በአንገታችሁ አንጠልጥሉት፣ ወይም በራሳችሁ ላይ አድርጉት አላቸው። በተግሣጹ ውስጥ ግን ከቀልዱ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላው ነው። ለዚያ ክር ሲባል መርከብ እንደሚሠራ፣ ቀዛፊ እንደሚሰበሰብ፣ ነጋዴው ሚስቱንና ልጆቹን አገሩንም ትቶ ነፍሱን ለማዕበል እንደሚሰጥ ዘረዘረላቸው። የጌጡን ባለቤት ሲገሥጽ ከጌጡ በስተጀርባ የደከመውን ሰው አልረሳም።

በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በሚላኖ የሚገኝ ፍርድ ቤት የዲዮር ቦርሳዎችን የሚያሠራውን የጣልያን ኩባንያ በሥራ ተቋራጮቹ ላይ በቂ ቍጥጥር አላደረገም በማለት ለጊዜው በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሥር አድርጎት ነበር። በምርመራው መዝገብ እንደ ተመለከተው በመደብር 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ አንድ ቦርሳ መገጣጠሚያ፣ የቆዳው ዋጋ ሳይቈጠር፣ ለተቋራጩ የሚከፈለው 53 ዩሮ ነበር፤ ከሠራተኞቹም በዚያው በሥራ ቦታቸው የሚያድሩ ተገኝተዋል። ኩባንያው አሠራሩን ማስተካከሉ ስለ ታየ እገዳው በ2025 ተነሥቷል። በዙሪክ መደብር ማን ይግባ ማን አይግባ ሲባል፣ ቦርሳውን የሰፋው ሰው ለጥያቄው እንኳ አልታሰበም።

የእኛም አገር ታሪክ በዚህ ንጹሕ አይደለም። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ» እያለ ያገለለ፣ ከእርሱ ጋር ጋብቻን የተጸየፈ ኅብረተሰብ ነበርን፤ ጨርሶ አለቀ ለማለትም አንደፍርም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። እንዲህም ሆኖ ወንጌሉ የተጻፈበት ብራና የተፋቀ ቆዳ ነው፤ ዳዊታችን በቆዳ ማኅደር ይገባል፤ ከበሮው በቆዳ ይለጐማል። በአንድ በኩል ቆዳውን ተሳልመን በሌላ በኩል ያለፋውን እጅ ተጸየፍን።

የዚህ የተናቀ ሙያ ባለቤት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስሙ ከፍ ብሎ ይነሣል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አባ አብርሃም ሙቀጠም የተባለውን ተራራ በጸሎት ያፈልሱ ዘንድ በከሊፋው በተጠየቁ ጊዜ፣ ነገሩ በእጁ እንደሚፈጸም የተገለጠላቸው ቅዱስ በቆዳ ሥራ የሚኖረው ስምዖን ጫማ ሰፊው ነበር። ዛሬ በካይሮ፣ በዚያው በሙቀጠም ተራራ ዋሻ ውስጥ በስሙ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የከተማይቱን ቆሻሻ እየሰበሰቡ በሚኖሩ ክርስቲያኖች መንደር ነው።

ከእርሱም በፊት ሌላ ስምዖን ነበረ። የበድን ቆዳ የሚነካ ሰው በአይሁድ ዘንድ እንደ ርኩስ ይታይ ስለ ነበር ብዙዎች ወደ ቤቱ መግባትን ይሸሹ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋ 9፥43)። ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ ያስተማረውን ራእይ ያየውም በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። በዚያው ሰሞን መልአኩ ለመቶ አለቃው ለቆርኔሌዎስ በቂሳርያ ተገልጦ ጴጥሮስን የት እንደሚያገኘው ሲነግረው፣ የባለቤቱን ስም ከነሙያው ጠርቶ ቤቱ በባሕር አጠገብ መሆኑን ጭምር ነገረው (ሐዋ 10፥6)።